ግብር የተጣለበት ድንኳን

ይህ ነገር የደረሰብኝ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2009 ጸደይ ላይ ነው። ባንክ በየመንደሩ ቤት ይነጥቅ የነበረበት ያ ክፉ ጊዜ ማለቴ ነው። ዓመታት አልፈውታል፤ እኔ ግን አሁንም ትንሽ አውሮፕላን በሰፈራችን ላይ ዝቅ ብላ ካለፈች ሳላስበው በጓሮ በር ብቅ እልና ሣሩ ላይ ምን እንዳለ አያለሁ። ባለቤቴ ተሾመ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ያን ቀን እሱ ታክሲውን ይዞ ኤርፖርት ተሰልፎ ነበር፤ ጉዱን ያየሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ጠባዬን ልናገር። እኔ ቁጭ ማለት አላውቅም። ሻይ እንኳ ቆሜ ነው የምጠጣው። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ወንበር ይቆረቁርሻል ወይ?» ትለኝ ነበር። ጭንቀት ሲይዘኝ ደግሞ ውሃ ቀጠነ ብዬ እጣላለሁ። ተሾመ በተቃራኒው ቤት ቢቃጠል እንኳ ጫማውን አስሮ የሚወጣ ሰው ነው። ያጋባን እግዜር ነው፤ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ቤታችን አሜሪካ፣ ካሮልተን የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። አሮጌ ነው፤ ግን የማዕዘን ቤት ስለሆነ ጓሮው ሰፊ ነው። በሰፈራችንም ይሄን አትትከሉ፣ ያን አታቁሙ የሚል ማኅበር የለም። ስለዚህ የዕድራችን ድንኳን የሚተከለው ሁልጊዜ እኛ ጋ ነው። አብዛኛው አባል የሚኖረው አፓርትመንት ነው፤ ፓርኪንግ ሎት ላይ ድንኳን ተክሎ ለቅሶ ልቀመጥ ቢል ማናጀሩ ፖሊስ ይጠራበታል። ተሾመም የዕድሩ ንብረት ያዥ ስለሆነ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም የሚቀመጠው በጋራዣችን ነው። መኪናችን አንድም ቀን ጋራዥ ገብታ አታውቅም።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ የአንድ አባላችን አባት አርፈው ድንኳኑ ተተከለ። ለቅሶው ሊያበቃ ሲል በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ ዛፉም መንገዱም መስታወት ሆነ። እርጥብ ድንኳን ደግሞ አይታጠፍም፣ ይሻግታል። ሶ እስኪደርቅ ተብሎ ሳምንታት ቆመ። እኔ በኩሽና መስኮት እያየሁት «ተሾመ፣ ይሄን ነገር አንሳልኝ» እላለሁ፤ እሱ «ይድረቅ» ይለኛል። በመጨረሻ ደርቆ ታጠፈ፤ እኛም ረሳነው።

ግንቦት ላይ ከካውንቲው፣ ከወረዳው መስተዳድር ማለት ነው፣ ከንብረት ግምት ቢሮው ደብዳቤ መጣ።

እዚህ አገር የቤት ግብር የሚታሰበው ሰው በገዛበት ዋጋ አይደለም። ቢሮው በየዓመቱ የቤቱን ስፋት፣ ዕድሜውን፣ በአካባቢው የተሸጡትን ቤቶች እያየ «ቤታችሁ ዘንድሮ ይህን ያወጣል» ብሎ ይቆርጣል። ከተማውም ትምህርት ቤቱም ግብራቸውን የሚያሰሉት በዚያ ግምት ላይ ነው። ገብቶ የሚያይ የለም፤ ከውጭና ከላይ ነው የሚታየው። ያልተስማማ ሰው ቀርቦ ይከራከራል።

ደብዳቤውን ስከፍተው የእኛ ግምት ወደ ላይ ወጥቷል። ያውም በደህና አወጣጥ። የመንደሩ ቤት ዋጋ ቁልቁል እየወረደ የእኛ ብቻ ወጣ። አጠገባችን ይኖሩ የነበሩት የሜክሲኮ ቤተሰቦች ቤታቸውን ባንክ ወስዶባቸው ከሄዱ ወራት ሆኗቸው ነበር። ሣራቸው ጉልበት ደርሷል፤ የልጆቻቸው መዝለያ እዚያው ጓሮ ቀርቷል።

ግብሩ የሚከፈለው ከሞርጌጁ፣ ከባንኩ የቤት ዕዳ ጋር ተደምሮ ነው፤ ግምት ሲወጣ የወሩ ክፍያም ይወጣል። ግሬፕቫይን ከተማ ያለው፣ ክፍል የማጸዳበት ሆቴል እንግዳ አጥቶ ሺፍቴን ቀንሶብኛል። ተሾመ አንድ ተሳፋሪ ለማግኘት ግማሽ ቀን ይሰለፋል። በዚያ ላይ ጥቂት ቢጨመርብን ቤቱ ይሄዳል። ይህን ለማወቅ ሂሳብ መማር አያስፈልግም ነበር።

«በስልክ ጠይቂያቸው» አለኝ ተሾመ። እኔ ግን እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ቢሮው ድረስ ሄድኩ።

ያስተናገደችኝ መነጽር ያደረገች፣ ዝግ ያለች ሴትዮ ናት። አድራሻችንን አስገባችና ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው። ከአውሮፕላን የተነሳ የሰፈራችን ፎቶ ነው። ጣሪያችን ይታያል፤ የተሾመ ቢጫ ታክሲ ይታያል፤ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ቤቱን የሚያክል ነጭ ጣሪያ ተዘርግቷል።

«ጓሯችሁ ውስጥ አዲስ ግንባታ አለ። ግምቱን ከፍ ያደረገው እሱ ነው» አለችኝ።

«ድንኳን ነው» አልኩ።

«የሠርግ?»

«የለቅሶ።»

ፊቷ ተለወጠ። «በጣም አዝናለሁ። ማን ሞተባችሁ?»

«እኛ ቤት ማንም አልሞተም።»

መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ ለምን እናንተ ጓሮ ተተከለ?»

ዕድርን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመርኩ። ሰው በየወሩ ያዋጣል፣ ሐዘን ሲደርስበት ማኅበሩ ይደርስለታል አልኳት። «ገባኝ፣ ኢንሹራንስ ነው» አለች። «ኢንሹራንስ መጥቶ አብሮሽ ለቅሶ አይቀመጥም» አልኳት። ከኋላዬ የተሰለፈ ሰውዬ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። አንድ ሠራተኛ መጥቶ ያያል፤ ግንባታው ከሌለ ይሰረዛል፣ ካለ ግን ይቆጠራል አለችኝ። መቼ ነው የሚመጣው ብላት ቀን አንሰጥም አለች። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት። ያንን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። መኪና በበራችን ባለፈ ቁጥር መጋረጃ እገልጣለሁ። የካስማ ጉድጓዶቹን በአፈር ደፈንኩ፤ ድንኳኑ ያጠወለገው ሣር ላይ ዘር በትኜ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁ። ሥራ ላይ ሆኜ ልቤ ቤት ነው፤ ቤት ስሆን ከመስኮት መስኮት ነኝ። አንድ ቀን የፒዛ አድራሹን ግምት ቢሮ ነህ ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ተሾመን ደግሞ «ሰውየው መጥቶ እስኪሄድ ድንኳኑ ከጋራዥ ንቅንቅ እንዳይል» አልኩት።

«እሺ» አለኝ። «አንቺም ሰዉ እንዳይሞት ንገሪልኝ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ?

ቅዳሜ ጠዋት የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ወርቁ ደወሉ። የጽጌ እናት ደሴ ላይ አርፈዋል። ጽጌ ሆቴሉ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፤ አልጋ የምናነጥፈው ሁለት ሆነን ነው፣ እሷ በዚያ ጫፍ እኔ በዚህ ጫፍ። መርዶው በማግሥቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነገራታል ተባለ። ጋሽ ወርቁም እንደ ልማዳቸው «ድንኳኑ መቼም እናንተ ጋ ነው» አሉኝ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ለአሁኑ ሌላ ቦታ ቢሆንስ?» አልኩና ነገሩን አስረዳኋቸው።

«እውነትሽን ነው፣ ቤት ቀልድ አይደለም። እስቲ አዳራሽ ልጠይቅ» አሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ከጽጌ ጋር ሺፍት ነበረኝ። አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘን ስንዘረጋ «ለእማዬ የስኳር መድኃኒት የሚወስድልኝ ሰው አገኘሁ» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ዓይኔን የት ላድርገው? ትራስ አንስቼ ልብሱን ሳለብስ ቆየሁ። ጽጌ የምትኖረው ከልጆቿ ጋር ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ያ ሁሉ ሰው በዚያች ጠባብ ደረጃ ሲተራመስ፣ የታች ጎረቤት ጩኸት በዛ ብሎ ጣሪያ ሲደበድብ ታየኝ። ለእናቷ ድምፅ አውጥታ እንኳ ልታለቅስ አትችልም።

በእረፍት ሰዓት ጋሽ ወርቁን ኮል አደረግኳቸው። በቅርብ ያለው አዳራሽ ተይዟል፤ ሌላው አርሊንግተን ነው፣ መኪና ለሌለው ሰው የማይታሰብ ነው አሉኝ።

«ይተከል» አልኩ።

«ልጄ፣ ቤትሽስ?»

«እሱን እግዜር ያውቃል። ይተከል።»

ይህን ስል ጀግና እንዳልመስላችሁ። ስልኩን ዘግቼ ፎጣ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩም አላውቀው፤ ለጽጌ እናትም ለቤቴም ይሆናል። ማታ ቤት ስገባ ለተሾመ እንዴት እንደምነግረው እያሰብኩ ነበር። ጋራዡ ተከፍቷል፤ ድንኳኑ ወጥቶ ነፋስ እየተቀበለ ነው።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ማንም» አለኝ ተሾመ። «አውቅሽ የለ።»

እሑድ መርዶው ተነገረ፤ ድንኳኑም ቆመ። እኔ ዘር የበተንኩበት ሣር ላይ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው እንደተከፈተ ደወልኩ። ሰውየው ዛሬና ነገ እንዳይመጣ ልለምን ነው። ያነሳው ልጅ «የአካባቢያችሁ ሠራተኛ ጠዋት ወጥቷል፤ የት ቤት እንደደረሰ አላውቅም» አለኝ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ኩሽና ውስጥ ንፍሮ በየሳህኑ ሳወጣ ነጭ ፒካፕ በራችን ላይ ፓርክ አደረገ። ጎኑ ላይ የካውንቲው ምልክት አለበት። አንድ ጠና ያለ ፈረንጅ፣ ኮፍያ ያደረገ፣ መሬት ላይ እየተገፋ የሚለካ ባለ ጎማ ዘንግ ይዞ ወረደ። ጭልፋውን ጥዬ በጓሮ በር ስወጣ ቀድመውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሆቴሉ ዋና ቢሮ ሰው ለለቅሶ ይመጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በር ላይ የቆሙት የዕድር ሰዎች ፈረንጅ ሲያዩ እሱ ነው ብለው ደመደሙ። አንዱ ዘንጉን በትሕትና ተቀብሎ ከጃንጥላዎቹ ጋር አቆመለት። ሌላው ክንዱን ይዞ አስገባው። ጋሽ ወርቁ ተነሥተው የራሳቸውን ወንበር ለቀቁለት። ሰውየው አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ጽጌ ብድግ ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና አለቀሰች።

እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ቆይቶ ግን ቀስ ብሎ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አጠገቡ ሄጄ ጎንበስ አልኩና «ከግምት ቢሮ ነው የመጡት?» አልኩት በጆሮው።

«አዎ ማም» አለኝ፣ እሱም በሹክሹክታ።

«ውጭ ወጥተን እንነጋገር።»

ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። «አሁን ብነሳ ነውር ይሆናል?» አለኝ።

ከማንም በላይ እንዲነሳልኝ የምፈልገው እኔ ነኝ። ግን ገና መቀመጡ ነው፤ ጽጌም በእንባዋ መሃል እያየችው ነው። «አዎ፣ ይሆናል» አልኩት።

ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጡት፤ አንድ አንዷን እየለቀመ በላ። ጎኑ ያሉ ሽማግሌ በእንግሊዝኛ «ሟቿን ያውቋቸዋል?» አሉት። «አላውቃቸውም» አለ። ሽማግሌው ለጋሽ ወርቁ «ሳያውቃት ነው የመጣው፤ ሰው ማለት እንዲህ ነው» ብለው ነገሯቸውና ንፍሮ ተጨመረለት። አንዲት የደሴ ሴትዮ የጽጌን እናት እያነሳች ሙሾ ስታወርድ ቃሉ ሳይገባው አንገቱን ደፋ። እኔ በኩሽናውና በድንኳኑ መሃል እመላለሳለሁ፤ ሴቶቹ «ኧረ እባክሽ አንዴ ተቀመጪ» ይሉኛል። እንዴት ብዬ ልቀመጥ? ቤቴን ሊያሳጣኝ የሚችል ሰው ጓሮዬ ውስጥ ንፍሮ ይበላል።

በመጨረሻ ሰው ሲነሳ አብሮ ተነሳ፤ የጽጌን እጅ ጨብጦ ወጣ። ተከተልኩት። ዘንጉን ከጃንጥላዎቹ መሃል አነሳ፤ ግን አልለካበትም። ምሰሶውን ነቅነቅ አደረገ፤ ገመዱን ሳብ አደረገ፤ ካስማውን በጫማው ጫፍ ነካው።

«መቼ ነው የሚነሳው?» አለኝ።

«ነገ። ካልዘነበ።»

«ከዘነበስ?»

መዋሸት እችል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «እስኪደርቅ አይታጠፍም፤ ይሻግታል» አልኩት።

ትንሽ አሰበና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ጥር ላይ ያ በረዶ ወርዶ ነበር» አለ።

«ያኔ እስኪደርቅ የቆመውን ነው ፎቶ ያነሳችሁት» አልኩት።

«ብዙ ጊዜ ይተከላል?»

«ሰው በሞተ ቁጥር።»

ካስማውንና ገመዱን ፎቶ አነሳ። ውሳኔው በፖስታ ይመጣል አለኝ፤ ሌላ ምንም አልነገረኝም። የፒካፑን በር ከፍቶ ቆመና ወደ ድንኳኑ መለስ ብሎ አየ። «እናቷ ናቸው የሞቱት?»

«አዎ።»

«የእኔም እናት ባለፈው ዓመት ሞተች። ቀብሯ ጠዋት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባሁ» አለ። ኮፍያውን አደረገና ሄደ።

ወደ ውስጥ ስመለስ ጋሽ ወርቁ «ያ የሆቴላችሁ ሰው ጨዋ ነው» አሉኝ። አመሻሹ ላይ እውነተኛው የሆቴሉ ሰው አበባ ይዞ ሲመጣ «ይሄ ሆቴል ስንት አለቃ ነው ያለው?» ብለው ግራ ገባቸው። ለማንም አልተናገርኩም። በሰው ለቅሶ መሃል የራሱን ቤት ነገር ማን ያነሳል?

ውሳኔው እስኪመጣ ያሳለፍኩት አያድርስ ነው። የፖስታ ሳጥኑን ባዶ መሆኑን እያወቅኩ ሄጄ እከፍታለሁ። ተሾመ እንኳ ፈርቶ ኖሯል፤ አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሳያስር ፖስታ ሊያይ ሲወጣ ያዝኩት። ደብዳቤው ሲመጣ አጭር ነበር። በጓሮው ቋሚ ግንባታ የለም፣ ግምቱ ተስተካክሏል ይላል። መንገድ ዳር ቆሜ አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። ቤታችን ተረፈ።

ሰውየውን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ተራው የእኔ ሆነ። እናቴ አዳማ ላይ አረፈች፤ ያ ድንኳን በዚያው ጓሮ ለእኔ ተተከለ። ያን ሁሉ ጊዜ ስንቱ ሲያለቅስበት ውሃና ንፍሮ ሳመላልስ፣ አንድም ቀን ከሥሩ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ያን ቀንም ወንበር ጎደለ ብዬ ልነሳ ስል ጽጌ ሁለት ትከሻዬን ይዛ ወደ ታች ተጫነችኝ። «ዛሬ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

ቀና ብዬ ሸራውን ሳየው ያ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ትዝ አለኝ፣ ቤቱን የሚያክለው ነጭ ጣሪያ። ያኔ ቤት አይደለም ብዬ ስንቱን ለፈለፍኩ። ዛሬ ቢጠይቁኝ ግን፣ ከቤቴ ክፍሎች ሁሉ አሳልፌ የማልሰጠው እሱን ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጀመረ። ተሾመ ወጣ ብሎ ሰማዩን አየና ተመልሶ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ድንኳኑ ሊረጥብ ነው» አለኝ።

«ይርጠብ» አልኩት።